ልምምዱና የእትዬ ሽንኩርት

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ትዕግሥተኛ ሴት አይደለሁም። ድሮ ነበርሽ ይሉኛል የሚያውቁኝ። ግን አራት የምርምር ተቋማትን በአንድ ወረቀት ላይ ለማስማማት ሞክሮ የማያውቅ ሰው ባይፈርድብኝ ደስ ይለኛል። ሁለቱ ተቋማት ባሕር ማዶ ናቸው፣ አንዱ ጎረቤት አገር ነው፣ አራተኛው የእኛው መሥሪያ ቤት ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ "የግብርናና የምግብ ፖሊሲ ምርምር አጋርነት" ይባላሉ። እኔ የአጋርነቱ አስተባባሪ ነኝ። አንዱ ኢሜይል ጽፎ ሌላው ሳይመልስለት ሲቀር የምወቀሰው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ይህ ሥራ ገብቷት አያውቅም።

"ሚጣ፣ ግን አንቺ ጠዋት ገብተሽ ምንድን ነው የምትሠሪው?" ትለኛለች በስልክ።

"ሰዎችን አስማማለሁ።"

"ተጣልተው ነው?"

"ኧረ አልተጣሉም።"

"ካልተጣሉ ምናቸውን ታስማሚያቸዋለሽ?" ትልና ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ።

የእሷ ሥራ ግልጽ ነው፤ ሽንኩርት ታለማለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንዝ ዳር ያለውን መሬት ከባሏ ወንድም ተከራይታ፣ በሞተር ውሃ እየሳበች ነው የምትሠራው። ይህ የባሏ ወንድም "ሴት ብቻዋን ሞተር ስታስነሳ የት አይታችኋል?" እያለ መሬቱን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ሲቁነጠነጥ የከረመ ሰው ነው። በልመናም በጭቅጭቅም አንድ ምርት እንድታወጣበት ፈቀደላት። ምርቱን ሸጣ የከርሞውን ኪራይ በጊዜው ካስረከበች መሬቱ በእጇ ይቆያል፤ ካላስረከበች ደህና ሁኚ ነው። ሽንኩርቱ አማረላት። ተነቀለ፣ ተከመረ፣ ወደ ጎረቤት አገር የሚያሻግር ነጋዴም ዋጋ ቆርጦ መኪና ሊልክ ቀጠሮ ያዘ። ቀጠሮው የዋለው ታዲያ እኛ ልምምዳችንን ባካሄድንበት ቀን ነው።

ልምምድ ያልኩት ምን መሰላችሁ? በእኛ ሙያ ትልልቅ ሰዎች ሆቴል ውስጥ ይሰበሰቡና "እንዲህ ያለ ችግር ቢመጣ ምን እናደርጋለን?" እያሉ ይጫወታሉ። አንዱ ሚኒስትር ይሆናል፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ገበሬ። የውሸት ችግር ይሰጣቸዋል፣ ይወስናሉ፣ እኛ የወሰኑትን እየጻፍን ጥናት እናወጣለን። ክፉ ሐሳብ አይደለም። እሳት ሳይነሳ ባልዲውን የት እንዳስቀመጡ ማወቅ ማለት ነው። ችግሩ ግን ባልዲውን አራት ተቋም ሲይዘው ነው።

የውሸቱ ችግር በምን ላይ ይሁን በሚለው ብቻ ስንት ስብሰባ እንዳለቀ አልነግራችሁም። ስንዴ ሲባል "ፖለቲካ ነው" ተባለ። ዘይት ሲባል "ከስንዴ የባሰ ፖለቲካ ነው" ተባለ። በመጨረሻ ሽንኩርት ተመረጠ። ማንንም አያስቆጣም ተብሎ ነው እንግዲህ። መንግሥት ሽንኩርት ወደ ውጭ እንዳይወጣ በድንገት አገደ የሚል አንድ የውሸት ሰርኩላር ይዘጋጅና ለተሳታፊዎች ይታደል ተባለ።

እኔ በወረቀቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በትልቁ፣ በቀይ፣ "ለልምምድ ብቻ" ተብሎ ይጻፍ አልኩ። ከባሕር ማዶ የመጣችው ፕሮፌሰር፣ የጥናቱ መሪ፣ አንገቷን ነቀነቀች።

"ሰዎች ጨዋታ መሆኑን በየደቂቃው ካስታወስናቸው እንደ ጨዋታ ነው የሚወስኑት። እውነተኛ መምሰል አለበት" አለች።

ጎረቤት አገር ያሉት አጋሮቻችን እኔን ደገፉ። ሌላው የባሕር ማዶ ተቋም ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ዳይሬክተራችን እጃቸውን አጣመሩና "ሐሳቦቹን እናቻችል" አሉ። ሐሳብ ማቻቻል ማለት ማንም ያልፈለገውን ነገር ሁሉም እንዲፈርምበት ማድረግ ነው። ስለዚህ የአራቱ ተቋማት አርማ ከላይ በትልቁ ሆነ፤ "ለልምምድ ብቻ" የምትለዋ ደግሞ ከታች፣ ጉንዳን የሄደባት በምትመስል ፊደል ተጻፈች። እኔም "እሺ" ብዬ አሳተምኩ፤ ምን ላድርግ?

በዕለቱ አዳራሹ አምሮበት ነበር። ጠረጴዛዎቹ ቀሚስ ለብሰዋል፣ በየወንበሩ ፊት ውሃና ከረሜላ አለ፣ በር ላይ ለእያንዳንዱ እንግዳ ፎልደር ይሰጣል። በፕሮግራሙ መሠረት መጀመሪያ ስለ ልምምዱ ማብራሪያ፣ ቀጥሎ የመክፈቻ ንግግር ነበር። ግን ከባሕር ማዶ በቪዲዮ የሚናገሩት የአንደኛው ተቋም ኃላፊ ሌላ ስብሰባ ስላለባቸው ንግግሩ ይቅደም ተባለ። አንዱ ንግግር ከቀደመ ሌሎቹ ተቋማት ለምን ይቅርባቸው? አራቱም ንግግር ቀደሙ። ከዚያ ደግሞ መስመሩ ተቆረጠና "ይሰማል? ይሰማል?" እየተባለ ረፋዱ አለቀ። ማብራሪያው ከሻይ በኋላ ይሁን ተባለ። ሰርኩላሩ ግን በየፎልደሩ ኪስ ውስጥ ከገባ ቆይቷል።

ከተጋበዙት መካከል የሽንኩርት ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። የተጋበዙት "የግሉ ዘርፍ ድምፅ መሰማት አለበት" ተብሎ ነው። እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው አራት ንግግር ሰሙ እንጂ የእሳቸውን ድምፅ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሲሰለቻቸው ፎልደሩን ከፈቱ። ሰርኩላሩን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ከነፎልደሩ ፎቶ አነሱትና ለነጋዴዎቻቸው ላኩት። የፎልደሩ ኪስ የወረቀቱን ግርጌ ሸፍኖታል። አርማዎቹ ግን ከላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

እኔ ነገሩን ማወቅ የጀመርኩት ሻይ ልጠጣ ስነሳ እትዬ ስትደውል ነው።

"ሚጣ! መኪናው ሊጭን መጥቶ ባዶውን ተመለሰ!"

"ለምን?"

"ሽንኩርት ከአገር እንዳይወጣ ታገደ አሉ። ወረቀቱን በስልክ አሳዩኝ።"

"የምን ወረቀት? እትዬ፣ ወሬ ነው፣ አትስሚ።"

"ምን ወሬ ነው ትይኛለሽ? የናንተ ቤት ምልክት አለበት! በሰጠሽኝ ጃንጥላ ላይ ያለው፣ በቅጠል የተከበበው። እሱን አላውቀውም እንዴ?"

የያዝኩትን ሲኒ እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። "እትዬ፣ ስሚኝ። ጨዋታ ነው።"

"ምን?"

"የውሸት ነው። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ እንዲህ ቢሆን ምን እናደርጋለን እያሉ ይለማመዳሉ።"

"ትልልቅ ሰዎች?"

"አዎ።"

"በኔ ሽንኩርት?"

"ባንቺ አይደለም፣ በሽንኩርት በጠቅላላው..."

"ሥራ ፈት ናቸው?"

"ሥራቸው ነው እትዬ።"

ከጀርባዋ የወንድ ድምፅ ይሰማል። "አንድ ደላላ መኪናውን እግር በእግር ተከትሎ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በግማሽ ዋጋ ካልሰጠሽኝ ነገ ሩቡንም አታገኚም ይለኛል። ጎረቤቶቼ እየሰጡት ነው። ግማሿም ብትሆን ኪራዩን ትሸፍንልኛለች። ልስጠው?"

"እንዳትሰጪው! የሠራሽበትን ሁሉ አፈር ልታበይው ነው? ዛሬውኑ ማስተባበያ ይወጣል፤ ነገ መኪናው ራሱ ተመልሶ ይመጣል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እትዬ፣ ወረቀቱ ከኛ ቤት ነው የወጣው። እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል? በእኔ ይሁንብሽ።"

"እንግዲያው ባንቺ ይሁን" አለችና ስልኩ ሳይዘጋ ደላላውን "ሂድልኝ፣ አልሸጥም!" ስትለው ሰማሁ። ኩራት ያለበት ድምፅ ነበር።

ዳይሬክተሩና ፕሮፌሰሯ አንድ ጥግ ቆመው ብስኩት ይበላሉ። የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ዳይሬክተሩ ብስኩቱ አፋቸው ላይ ቀረ። የፕሮፌሰሯ ዓይን ግን፣ እውነቱን ነው የምናገረው፣ አበራ።

"ድንቅ ነው!" አለች። "ገበያው ምላሽ ሰጠ ማለት ነው? በምን ያህል ፍጥነት?"

"ፕሮፌሰር፣ እህቴ ማሳዋ ላይ ቆማለች!"

"እህትሽ አምራች ናት? ስልኳን ልትሰጪኝ ትችያለሽ?"

አበስኩ ገበርኩ! ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። "ማስተባበያ ነው የምንፈልገው፣ አሁን፣ ከምሳ በፊት!"

"ተረጋጊ" አሉ ዳይሬክተሩ። ይህችን ቃል ከአፋቸው ስሰማ ነው የባሰ የምናደደው። "ማስተባበያውማ ይወጣል። ግን በስምምነታችን መሠረት ለሕዝብ የሚወጣ ማንኛውም መግለጫ በአራቱም አጋሮች መጽደቅ አለበት። ባለፈው አንደኛው ተቋም ብቻውን መግለጫ አውጥቶ ምን እንደተፈጠረ ታስታውሺያለሽ።"

"ሰርኩላሩስ? እሱን ማን አጸደቀው?"

"እሱ መግለጫ አይደለም፣ የልምምድ መሣሪያ ነው" አሉ፤ ደግሞ ከልባቸው ነው።

ፕሮፌሰሯም ክፉ ሰው ሆና አይደለም። "ይቅርታ፣ ትክክል ነሽ፣ በፍጥነት እናድርገው" ብላ ወዲያው ለሁሉም ጻፈች። ከአንደኛው ተቋም "ዕረፍት ላይ ነኝ፣ ስመለስ እመልሳለሁ" የሚል አውቶማቲክ መልስ መጣ። የሌላው ተቋም ሰው ደግሞ በእነሱ አገር ገና አልነጋም፣ ተኝቷል።

ወደ ሚኒስቴሩ ደወልን። "እኛ ያላወጣነውን ምን ብለን እናስተባብላለን? ዝም ብንል ይሻላል፤ ካስተባበልን እሳት ሳይኖር ጭስ አይታይም ይሉናል። ያወጣችሁት እናንተ፣ አስተባብሉ እናንተ" አሉን። ሬዲዮ ጣቢያው ደግሞ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጡ አለን። ማኅተሙ ያለው ዳይሬክተሩ ጋ ነው፣ ዳይሬክተሩ ስምምነቱን ይዘዋል፣ ስምምነቱ አራት ፊርማ ይፈልጋል። አሁን ይህን ለእትዬ ንገሪያት ብትሉኝ በየት በኩል ልጀምር?

ፎቶውን ማን እንዳሰራጨ ስጠያይቅ የነጋዴዎቹ ሊቀመንበር ናቸው ተባልኩ፤ አዳራሹ ውስጥ አገኘኋቸው። ያደረሱትን ገና አያውቁም፤ ከረሜላ ይመጣሉ።

"ጋሼ፣ ያ የላኩት ሰርኩላር እኮ ለልምምድ የተዘጋጀ ነው። እውነት አይደለም።"

"ምን?" ከረሜላውን በመሐረብ ተፉት። "የውሸት ነው? እንዲህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው ሰጥተሽ ዝም ትያለሽ?"

"ማብራሪያው ከሻይ በኋላ ነበር..."

"ከሻይ በኋላ! ሰው መርዝ አጠጥተሽ ከሻይ በኋላ ነው የምትነግሪው?" ተቆጡ፣ ከቁጣው በላይ ግን አፈሩ። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው እኔም እንድሰማ አድርገው ደወሉ። "ልጆች፣ ያ ነገር ውሸት ነው፤ ግዢያችሁን ቀጥሉ" አሉ።

ከወዲያ በኩል ሳቅ መጣ። "ጋሼ፣ እኛን ልጅ አደረጉን? እኛ በውድ እየገዛን እርስዎ ከኋላ በርካሽ ሊሰበስቡ ነው?"

"ኧረ በልጆቼ!"

"እሺ ጋሼ፣ ገብቶናል" አለና ዘጋው። ሊቀመንበሩ ስልኩን እያዩ ቆዩ።

"አየሽ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉኝ። "በአፍ አይሆንም። ወረቀት አምጪ። እነዚያው አርማዎች ያሉበት፣ አራቱም።"

አርማዎቹ ያሉበት ባዶ ቅጽ የሚገኘው ባሕር ማዶ ካለው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ዘንድ ነው። ተኝቷል ያልኳችሁ እሱ ነው። ምን አማራጭ አለኝ? ከተረፉት ሰርኩላሮች አንዱን አንስቼ በወፍራም ማርከር "ይህ ልምምድ ነው፤ ሽንኩርት አልታገደም" ብዬ ጻፍኩበትና ፎቶ አነሳሁት። ሊቀመንበሩ አይተው ፈገግ አሉ፤ የኀዘን ፈገግታ ነው።

"የኔ ልጅ፣ ይህንን እኮ የሰፈር ጎረምሳም ይጽፈዋል።" ቢሆንም ላኩት። በእሳቸው ስልክ ላይ የመጣውን መልስ አሳዩኝ፤ እንባ እስኪወጣቸው የሚስቁ ትንንሽ ፊቶች ተደርድረዋል። ከሥር አንዱ "ደግሞ ብለው ብለው ማርከር ገዙ!" ብሎ ጽፏል።

በማግስቱ በቪዲዮ ተሰበሰብን። የማስተባበያውን ረቂቅ ሌሊቱን ጨርሼ ነበር፤ ሁለት መስመር ናት፤ ማንም የሚያነባት። የአንደኛው ተቋም የሕግ አማካሪ "ስህተት" የምትለው ይውጣልኝ አለ፤ ኃላፊነት ታመጣለች። ዳይሬክተሩ ልምምዱ በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁ ይጠቀስልኝ አሉ። ፕሮፌሰሯ ገንዘብ ለሰጡት ድርጅቶች ምስጋና ካልተጻፈ ውላችን ይፈርሳል አለች። ይህም ይሁን። ከዚያ ጎረቤት አገር ያሉት አጋሮቻችን ተነሡ።

"እኛ በትልቁ ይጻፍ ብለን ነበር" አሉ። "ሳናጠፋ ማስተባበያ ላይ አርማችን ለምን ይወጣል? የኛን አውጡልን።"

"አራቱ ካልተሟሉ ነጋዴው አያምንም!" አልኩ።

"ያ የናንተ ችግር ነው።"

"ሽንኩርት እኮ ነው!" ጮኽኩ፤ አዎ፣ ጮኽኩ። "የተነቀለ ሽንኩርት! ሜዳ ላይ ተከምሮ የናንተን ስብሰባ የሚጠብቅ ይመስላችኋል? ሰው መሬቱን ሊነጠቅ ነው! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?"

ከዚያ ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "አስተባባሪዋ ያነሳችው ነጥብ በቃለ ጉባኤው ይያዝ" አሉ። ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝ። ያዝኩት።

እትዬ በየጠዋቱ ትደውላለች። መጀመሪያ "ወረቀቱስ?" ነበር የምትለው። "ዛሬ ይወጣል" እላታለሁ። ደላላው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ተመልሶ መጣ፤ እሷም መለሰችው። ጎረቤቶቿ ሸጠው ጨርሰዋል፤ አንቺ ምን ተማምነሽ ነው ሲሏት "እህቴ እዚያው ናት፣ ውሸት ነው ብላኛለች" ትላቸዋለች አሉ። ያ ሲነገረኝ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ከዚያ ዝናብ መጣ። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ። ክምሩን በላስቲክ ሸፈነችው፤ ከዝናቡ ኋላ ደግሞ ፀሐይ ወጣና ሽንኩርቱ በላስቲኩ ሥር አላበው። በመጨረሻ ስትደውል ስለ ወረቀቱ አልጠየቀችኝም።

"ትመጫለሽ?" አለችኝ ብቻ።

ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ሄድኩ።

ከመኪና ወርጄ ገና ማሳው ሳይታየኝ ሽታው ደረሰኝ። የጎረቤት ማሳዎች ባዶ ናቸው። የእትዬ ብቻ ነው ክምሩ ያለበት፤ ላስቲኩ ተገልጧል፣ እሷ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ደህናውን ከበሰበሰው ትለያለች። ስታየኝ አልተነሳችም፣ አልተቆጣችም። አንድ ቅርጫት ገፋ አደረገችልኝ።

"ሲጫኑት ጠንከር ያለውን ወደዚህ። የላላውን ወደዚያ" አለች።

ቁጭ ብዬ መለየት ጀመርኩ። ከላይ ደህና የሚመስለውን ስጫነው ጣቴ ይሰምጣል። የላላው ክምር ያድጋል፣ ጠንካራው ቅርጫት አይሞላም። በማሳው ጫፍ የባሏ ወንድም ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር ቆሞ በእጁ ወዲያና ወዲህ ያሳየዋል። ሞተሩ ያለበትን አሳየው። የውሃውን ቦይ አሳየው።

"እሱ ማነው?" አልኳት።

"ተከራዩ።" ቀና አላለችም። "አንድ ቀን እንኳን ታገሠኝ ብዬው ነበር። አልፈርድበትም፤ እሱም ልጆች አሉት።"

ስልኬ ጮኸ። በሽንኩርት ውሃ በረጠበ እጄ ከፈትኩት። ማስተባበያው ነው። ጸድቋል። ሁለት ገጽ ሆኗል፤ የመጀመሪያው ገጽ ምስጋና ነው፤ ሽንኩርት እንዳልታገደ የሚናገረው ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከመሐል ነው። አርማዎቹ አራቱም አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እትዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችኝ። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ያምራል" አለችና መለሰችልኝ።

እኔ፣ በስብሰባ መሐል ሰው ላይ የምጮኸው ሴት፣ "እትዬ" ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ፤ አለቀስኩ። እሷ "እሺ በቃ፣ በቃ፣ ቅርጫቱን አቀብዪኝ" አለች። እስኪመሽ ለየን። በነጋታው የተረፈውን ጭና ገበያ ወሰደች፤ ዋጋው ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። የቀራት ሽንኩርት ግን የሞተሩን ነዳጅ እንኳን የሚሸፍን አልነበረም።

ከወራት በኋላ እዚያው ሆቴል፣ እዚያው አዳራሽ፣ የጥናቱ ውጤት ቀረበ። ሥራሽን ለቀቅሽ ወይ የምትሉኝ ካላችሁ አልለቀቅኩም፤ አሁን ደግሞ እትዬ ከነልጇ እኔ ቤት ናት፣ ደመወዙ ያስፈልገናል። ሊቀመንበሩ ጸጸት ቢይዛቸው መጋዘናቸው ውስጥ ሽንኩርት የምትለይበት የቀን ሥራ ሰጥተዋታል። የሰው ሽንኩርት ትለያለች ማለት ነው።

ፕሮፌሰሯ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል አበራች። ያ ስህተት የጥናቱ ዋና ግኝት ሆኗል፤ ከዚያ አካባቢ ገበሬዎች ማን መቼ በስንት እንደሸጠ አስጠንታ በነጥብ በነጥብ አስቀምጣዋለች። ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስበዋል፤ ሁሉም በመጀመሪያው ቀን፣ በግማሽ ዋጋ። አንዲት ነጥብ ብቻ ርቃ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ ለብቻዋ ቆማለች።

"ይህችኛዋ ናት ያስቸገረችን" አለች ፕሮፌሰሯ፣ በመጠቆሚያው ቀይ ብርሃን እየነካካቻት። "መረጃው እንደ ሌሎቹ ደርሷታል። ገዢ ነበራት። ዋጋ ሁለት ጊዜ ቀርቦላታል። ሆኖም አልሸጠችም። በየትኛውም ሞዴል ልናስረዳት አልቻልንም። ስሌቱ ውስጥ እንዳትገባ ብናወጣት ይሻላል?"

"አታውጧት" አልኩ። ከወንበሬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። "እህቴ ናት። ያልሸጠችው እኔን አምና ነው።"

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን አዩ። ፕሮፌሰሯ ቀዩን ብርሃን አጠፋችው፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ኀዘን የእውነት ነው፣ አልዋሽም። ግን ተመራማሪ ናት፣ ምን ታድርግ? በለሰለሰ ድምፅ "ልትጠይቂያት ትችያለሽ?" አለችኝ። "እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ቢመጣ ምን ትወስን ይሆን? ለፖሊሲው በጣም ይጠቅመናል።"

ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩ። እንዲያው ተናድጄ፣ ትስደባቸው ብዬ ይሆናል የደወልኩት። እትዬ ቶሎ አነሳች፤ ከጀርባዋ ሴቶች ያወራሉ፣ ጆንያ ይጎተታል።

"እትዬ፣ እነዚያ ሰዎች ጥያቄ አላቸው።"

"የጨዋታዎቹ?"

"አዎ። ለምን እንዳልሸጥሽ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ደግሞ እንዲያ ያለ ነገር ተመልሶ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ ይሉሻል።"

"እሸጣለሁ በያቸው" አለች ወዲያው።

"እኔ ደውዬ አትሽጪ ብልሽስ?"

ጆንያ ሲጎተት ሰማሁ። ቁጣ የለባትም፣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

"ሚጣዬ" አለችኝ፣ ልጅ ሳለሁ በምትጠራኝ ድምፅ። "እሸጣለሁ።"

"እሺ እትዬ" አልኳት፤ ለፕሮፌሰሯ ልነግራት ተመልሼ ገባሁ።